ብርድ ልብሶቹ የመጡ ዕለት

በፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል የሚባለው ድሮ እህል ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ እስከ ወገቤ ድረስ የገብስ አቧራ ነጭ መስመር ሠርቶ ቀርቷል። ፖሊሷ በሩን ስትከፍትልኝ፣ "ብቻሽን ነሽ፤ እዚህ አገር ሴት ብዙ አትታሰርም" አለችኝ። ልታጽናናኝ ይመስለኛል።

የተያዝኩት ከቢሮ ነው። የምሠራው ባለቤቶቹ የውጭ አገር ሰዎች ለሆኑ የታሸገ ውሃ ድርጅት ነበር፤ ሥራዬ ድርጅቱን ከገበሬዎቹ ጋር ማገናኘት ነው። ምንጩ ከመታጠሩ በፊት ለሰፈሩ ቦኖ፣ ለከብቱ ገንዳ እንደሚሠራ ለሕዝቡ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ንገሪ የተባልኩት እንደዚያ ነበር። አጥሩ ቀደመ። ቦኖውም ገንዳውም አልመጣም። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ሲመጡ አንደኛዋ፣ ሕዝቡ በድርጅቱ ደስተኛ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል። ያን ቀን ግን፣ "አይደለም፤ በጎቻቸው ውሃ አጥተዋል" አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አጥሩ ተቆርጦ ተገኘ። ሕዝብ በማነሳሳት ተጠርጥረሻል ተባልኩ።

እናቴ ከሞላሌ በሚኒባስ ምግብ ትልክልኝ ነበር። ስያዝ ለብርዱ ብላ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሷን፣ ባናዋን፣ ልካልኛለች። ሌላ የጠየቀኝ ሰው የለም። ምሳ አብረን የምንበላ የቢሮ ልጆች በጣቢያው በር ሲያልፉ በክፍሌ በር ቀዳዳ አያቸው ነበር። ፊታቸውን ወደ መንገዱ ማዶ ያዞሩ ነበር። አልፈረድኩባቸውም፤ ግን ከዚያ በኋላ በቀዳዳው ማየት ተውኩ።

ከጭቃው ግድግዳ ማዶ የወንዶች ክፍል ነው። አጥሩን ቆርጠዋል ተብለው የተያዙ አንድ ሽማግሌ እዚያ ነበሩ። ሳላቸው አያስተኛቸውም። ጠዋት ጠዋት የሚያናግሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ልጄ፣ አለሽ?"

"አለሁ፣ አባባ። እንዴት አደሩ?"

"በዚህ ዕድሜዬ ዘበኛ ቆሞልኝ አድራለሁ። ምን ጎደለብኝ?"

ብርድ ልብሶቹ የመጡት ውርጩ ገና ሳይለቅ ነው። የድርጅቱ መኪና ግቢ ገባ። ፖሊሷ ማበጠሪያ ይዛ መጣች። "ፊትሽን ታጠቢ፤ ፎቶ አለ" አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ወጥቶ የድርጅቱ ዓርማ ያለባቸው ሰማያዊ ብርድ ልብሶች ተደርድረዋል። አጠገቡ ከፎቶ አንሺ ጋር የቆመው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው፣ አለቃዬ የነበረው ሰው ነው።

"ከስተሻል እኮ" አለኝ። "እንግዶቹ ስላንቺ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ደህና መሆንሽን ማየት ይፈልጋሉ።"

"ይምጡና ይዩኝ።"

"ፎቶ ይበቃቸዋል። ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን ለመወጣት ለታሳሪዎቹ ብርድ ልብስ አምጥተናል። አንዱን ፈገግ ብለሽ ትቀበያለሽ፣ አለቀ። ነገ ዋስ እንድትጠሪ ተነጋግሬልሻለሁ።"

"ለወንዶቹም ነው?"

"ለሁሉም። አንቺ ፎቶ ከተነሳሽ።"

"ካልተነሳሁስ?"

"ያለ ፎቶ ምን ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ?"

ነገ ቤቴ ልገባ እችላለሁ። እጄ ወደ ብርድ ልብሱ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። በወንዶቹ መስኮት በኩል ሽማግሌው ሳሉ፣ ረጅም ሳል። ቀና ስል ነጠላ ብቻ ደርበው ብረቱን ይዘው ቆመዋል።

"በኔ ሳል እንዳያስፈራሩሽ" አሉ። "ከቤቴ ነው ይዤው የመጣሁት።"

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ከባልዲው አጠገብ፣ ፍራሼ ላይ ተቀመጥኩ። "ፎቶውን አልከለከልኩም" አልኩ። "እዚህ አንሱኝ።"

ፎቶ አንሺው በሩ ላይ መጣ። ካሜራውን አነሳና ወደ አለቃዬ ዞረ።

"ይሄ ለሪፖርት አይሆንም" አለ አለቃዬ።

"የምኖረው እዚህ ነው።"

"ምን ነካሽ? ዓይን አፋር ነበርሽ እኮ።"

"አሁንም ነኝ" አልኩት።

ብርድ ልብሶቹን መልሰው ጫኑ። ነገ እንደማልወጣ በደንብ የገባኝ በሩ ሲዘጋ ነው። ቆይቼ ባናዬን አጠፍኩና ፖሊሷን፣ "ለአባባ ስጪልኝ" አልኳት።

"አንቺስ?"

"ሹራብ አለኝ።"

አመነታች፣ ግን ወሰደችው። ከግድግዳው ማዶ ድምፃቸው መጣ። "አንቺ ልጅ፣ አሁን ደግሞ በሙቀት ልትጨርሺኝ ነው?" ወንዶቹ ሳቁ። ሌሊቱን ሙሉ በረደኝ።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ተፈታሁ፤ ሽማግሌው ከኔ ቀድመው ወጥተው ነበር። አሁን ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ብዙ ጓደኛ የለኝም፤ ድርጅቱ በኋላ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ሥራ ያጣንባት ልጅ የሚሉኝም እንዳሉ አውቃለሁ። ባለፈው በድርጅቱ ገጽ ላይ ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት የተጻፈ ነገር አየሁ። ያ ግቢ ነው ፎቶው፤ ጠረጴዛው፣ የተደረደሩት ብርድ ልብሶች፣ ፈገግ ያለው አለቃዬ። ከጎኑ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት አለ።

ብቸኝነቱ ሲጠናብኝ ስልኬን ከፍቼ ያንን ክፍተት አየዋለሁ። ማንም አልቆመበትም።