የሲራክ ሦስት ደቂቃ

መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የመስመሩ ሾፌሮች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። ባለቤቱ ሲራክ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ክንዱ ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ቅዳሜ ጎማው የፈነዳበት ሾፌር ግን ትንሽ መታገስ አለበት። ቅዳሜ ሲራክ የወረዳ ምክር ቤት አባል ነው። የሚወክለው የተወለደበትን መንደር ሲሆን፣ መንደሩ ከወንዝ ወዲያ ስለሚገኝ ሰው ሁሉ ባጭሩ «ማዶ» ይለዋል።

ሰኞ የማዶ ሰዎችን ማመልከቻ ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ማክሰኞ ወልድያ ደርሶ ጎማ ይዞ ይመለሳል። ሐሙስ ቋሚ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ሲራክ የተበተነውን ሪፖርት ቤቱ ሁለቴ አንብቦ ስለሚሄድ በእሱ ቅጂ በየገጹ የጥቁር አውራ ጣት አሻራ አለ፤ ከአባላቱ ማን አንብቦ እንደመጣ ለማወቅ ወረቀቱን ማየት ይበቃል። ቅዳሜ ደግሞ ባለጉዳዮቹ በሩ ላይ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ላይ ቁጭ ይላሉ። የይዞታ ደብተሩ የጠፋበት አለ፣ ከጎረቤቱ በድንበር የተጣላ አለ፣ ምንም ጉዳይ የሌለው ወሬ ናፋቂም አይጠፋም። ሲራክ ሁሉንም ይሰማል። ሥራው ደመወዝ የለውም፣ እሱ ግን ይወደዋል። ደስታውን ደብቆ አያውቅም፤ የመኪና ጎማ ሲፈታ እንኳ ያፏጫል።

አንድ ነገር ብቻ አልሆን ብሎታል፤ የድልድዩ ነገር።

ማዶን ከመርሳ የሚለየው ወንዝ በበጋ ልጅ ጫማውን ሳያወልቅ የሚሻገረው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን በሬ ይወስዳል። ጤና ጣቢያው ያለው መርሳ ስለሆነ፣ የመውለጃ ቀኗ ክረምት ላይ የወደቀ የማዶ ሴት ውኃው ሳይሞላ ቤቷን ትታ ትወጣና ዘመድ ቤት ተጠግታ ቀኗን ትጠብቃለች። የማዶ ሰርግ በጥር ስለሆነ የመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት ይደርሳል፤ ያኔ ወንዙ ጎድሏል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ልጅ ግን ወር አይመርጥም።

ለሰው መሻገሪያ የሚሆን ጠባብ ድልድይ እንዲሠራ ሲራክ በምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ እጁን አውጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ ዕድል ተሰጥቶታል። ሁለቱንም ጊዜ ጥያቄው ላይ አልደረሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ አባል የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ሲራክ ደግሞ ያደገው ሰው ሳይጠየቅ ጉዳይ በማይነሳበት አገር ነው። ተነሥቶ አፈ ጉባኤዋን ሰላም ይላል፣ አባላቱን ሰላም ይላል፣ ሐዘን የደረሰባቸውን ያጽናናል፣ የታመመ ካለ ምሕረት ይለምናል፣ ለአዝመራው ይመርቃል። «እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ስመጣ» ሲል አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ቡርቱካን ሰዓታቸውን አይተው፣ «አቶ ሲራክ፣ እናመሰግናለን፣ ጊዜዎ አልቋል» ይላሉ። ባለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው «የማዶ ተወካይ ምክር ቤቱን መርቀዋል» የሚል ብቻ ነበር። ማዶዎች ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን ዝም አሉ። ዝምታው ሲራክን ከስድብ ይልቅ አሳፈረው።

በዚያ ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የበጀት ስብሰባ ተጠራ። ድልድዩ በዚህ ስብሰባ ካልተነሣ ሌላ ዓመት ሊጠብቅ ነው። ሮማን የምትባል የማዶ ሴት ደግሞ ሦስተኛ ልጇን አርግዛ፣ ከጎሚስታ ቤቱ ጀርባ ካለው የአክስቷ ቤት ከገባች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ባሏ ሀብታሙና ሁለት ልጆቿ ማዶ ቀርተዋል። ትንሿ በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» እያለች ታለቅሳለች። ሮማን ስልኩን ትዘጋና መጥታ ከሲራክ ጎማዎች ባንዱ ላይ ትቀመጣለች።

«ጋሼ፣» አለችው አንድ ቀን፣ «ዘንድሮስ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እጠይቃለኋ።»

«እስቲ አሁን ይጠይቁ፤ እኔ አፈ ጉባኤዋን ልሁን።» ስልኳን አውጥታ ሦስት ደቂቃ ሞላች።

ሲራክ የጎማ መፍቻውን አስቀምጦ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቆመ። «ክብርት አፈ ጉባኤ፣ እንደምን አደራችሁ። ክረምቱን የሰላም ያድርግልን። ለመሆኑ የአክስትሽ ወገብ ተሻላቸው?»

ሮማን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ደግመው ሞከሩ። በሁለተኛው ሙከራ ምርቃቱን ቢያሳጥርም፣ በመሐል አንድ ሾፌር ሲገባ እሱን ሰላም ሲል ጊዜው አለቀ። በሦስተኛው ሮማን አልሳቀችም።

«ሰላምታውን ይተዉታ፣» አለችው።

«ልጄ፣ አልችልም። እናቱን የቀበረ ሰው ፊቴ ተቀምጦ እያየሁ ድልድይ ድልድይ ልበል? ምን ይለኛል?»

ልክ ነው አለች በልቧ፤ እሷም ብትሆን አታደርገውም። ብዙ አሰበች። ከዚያ፣ «ታዲያ ጋሼ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰላምታው ለምን በር ላይ አያልቅም? ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነው የሚጀምረው። አንቱ በአንድ ሰዓት ሄደው በሩ ላይ ይቁሙ። ሁሉንም እዚያው ይጠይቋቸው፤ ይመርቋቸው። ውስጥ ሲገቡ ምን ይቀርዎታል?»

ሲራክ መፍቻውን አነሣ። ከዚያ ማፏጨት ጀመረ።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆመ። ጥበቃውን ጠየቀ። የሚመጣውን አባል ሁሉ በየስሙ እየጠራ፣ እጁን ጨብጦ፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ቡቃያውን ጠየቀ። እናቱን የቀበረውን ሰው ለብቻ ወስዶ አጽናናው። ወይዘሮ ቡርቱካን ሲደርሱ ልጃቸው ፈተና እንዳለፈች ሰምቶ ስለነበር አንገቱን ዝቅ አድርጎ መረቀላቸው።

የሱቅ ጎረቤቱና የምክር ቤት ባልደረባው አብዱልሐሊም መጥቶ ሲያየው ገረመው። «አሰላሙ አለይኩም፣ ሲራክ። ዛሬ ደግሞ በረኛ ሆንክ እንዴ?»

«ሰላምታዬን እየጨረስኩ ነው፣» አለ ሲራክ። ከሰማንያ ሰው በላይ ሰላም ብሎ ስለነበር ድምፁ ሰልሏል። አሁን ደነገጠ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ምንም አልጠቀመም።

ተራው ደርሶ ሲነሣ አፈ ጉባኤዋ ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተካከሉ። ከኋላ የተቀመጡት አባላት ወንበራቸውን ተደገፉ፤ ምርቃቱን ያውቁታል። ሲራክ አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ቀጭንና ሻካራ ስለነበር ለመስማት አዳራሹ በሙሉ ጸጥ አለ።

«ሁላችሁንም በር ላይ ጠይቄያችኋለሁ፣» አለ። «ከማዶ ነኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ነፍሰ ጡር ሴቶቻችን ልጆቻቸውን ትተው ከቤታቸው ይሰደዳሉ፤ ዘንድሮ ሰባት ናቸው። አንዷ ከሱቄ ጀርባ ናት፤ ልጇ በስልክ ስታለቅስባት በየቀኑ እሰማለሁ። ሰው የሚሻገርበት ድልድይ በዘንድሮው ዕቅድ እንዲገባልን እጠይቃለሁ። ድንጋዩንና አሸዋውን ማዶዎች እናቀርባለን።» ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ወይዘሮ ቡርቱካን «ጨረሱ?» አሉ ሳያስቡት። አብዱልሐሊም እጁን አወጣና፣ ሊያነሣው የመጣውን የዓሣ እርባታ ጉዳይ ከመጠየቁ በፊት፣ የወንድሙ የሲራክ ጥያቄ የእሱም መሆኑን ተናገረ። እናቱን የቀበረው ሰው ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ማን እንዳለ ማን እንደቀረ ለመለየት አስቸገረ፤ ጠዋት በር ላይ የተጨበጠው እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። ድልድዩ ዕቅዱ ውስጥ ገባ።

ሲራክ ወደ ጎሚስታ ቤቱ ሲመለስ ሮማን ጎማው ላይ ሆና ትጠብቀው ነበር። መናገር ስላቃተው ራሱን ብቻ ከፍ ዝቅ አደረገላት። እሷ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ፤ ጎማ ሊያስሞላ የቆመው ሾፌር ሰው የሞተ መስሎት ነፍስ ይማር አለ። ሮማን በሦስተኛው ሳምንት እዚያው መርሳ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጇን ይዛ ማዶ የገባችው ግን ወንዙ ከጎደለ በኋላ ነው።

በበጋው ማዶዎች ቃላቸውን ጠበቁ። ወንዱም ሴቱም ድንጋይ ተሸከመ፣ አሸዋ በአህያ ተጋዘ፣ ባለሙያዎቹ ሽቦውን ወጠሩ። ሰኔ ሳያልቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ ሲረግጡት ትንሽ የሚወዛወዝ ድልድይ ቆመ። ሲራክ ጎማ ሊያመጣ ወልድያ በሄደበት ቀን ተመረቀና ምርቃቱ አመለጠው። ትንሽ ቆጭቶት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሮማን እንደገና አረገዘች። ቀኑ ተቆጥሮ ሲታይ ነሐሴ አጋማሽ ሆነ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ፣ ሮማን መርሳ አልመጣችም። ሲራክ በየቅዳሜው የማዶን ሰው «ሮማን እንዴት ናት?» ይላል፤ «ቤቷ ናት» ይሉታል። ድልድዩን ቢያምነውም፣ ዝናቡ ሲበረታ ደጅ ወጥቶ ወደ ማዶ ያይ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ኮሚቴው ሊሄድ ሸሚዙን ሲቀይር፣ ሀብታሙ በሩ ላይ ቆመ። ልብሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ፊቱ ግን ፈክቷል። ሲራክ እንደ ልማዱ ስለ ልጆቹና ስለ ከብቱ ሊጠይቅ ጀመረና ሀብታሙ አቋረጠው።

«ወለደች፣ ጋሼ። ጤና ጣቢያ ናት። ሴት ልጅ።»

«እንዴት አመጣሃት?»

«በእግሯ ነዋ። ምጡ ሲጀምራት ተነሣን፤ ከአስፋልቱ ባጃጅ አገኘን። እሷን አድርሼ ተመለስኩ፣ ለልጆቹ ቁርስ ሠራሁ፣ የሕፃኗን ልብስ ረስቼ ነበርና እሱን ይዤ እንደገና መጣሁ።»

ሲራክ ሸሚዙን ግማሽ እንደቆለፈ ጎማው ላይ ቁጭ አለ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፤ ማዶን አጥቦ የሚወርደው ጎርፍ ምን እንደሚመስል ያውቃል። «ወንዙስ?» አለ። «ወንዙ እንዴት ነበር?»

ሀብታሙ ለማስታወስ ሞከረ።

«እኔ እንጃ ጋሼ፣» አለ። «አላየሁትም።»