የሼህ ሙህሲን ፈቃድ

ሼህ ሙህሲን ሆላንድ፣ ስሎተርቫርት በሚባል ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው በብስክሌት መንገድ መሃል ለመሃል ሲሄዱ ደወል የማያንጫርርባቸው ሆላንዳዊ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። ካርቱም ሳለሁ በለቃቀምኳት ዐረብኛ እናወጋለን። «የአስተናጋጅ ዐረብኛ ነው ያለህ» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው፣ አስተናጋጅ ነበርኩ።

ነጀፍ በምትባለው የሃይማኖት ትምህርት ከተማ የተማሩ የሺዓ ሊቅ ናቸው። የባግዳድ መንግሥት መምህሮቻቸውን ለቅሞ ሲጨርስ በሶርያ በኩል አምልጠው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሆላንድ ገቡ። ሚስታቸውና አንድ ልጃቸው ጀዋድ ባግዳድ ቀሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሮተርዳም በተከራዩት አዳራሽ ስደተኛ ወገኖቻቸውን ያስተምራሉ። በእነሱ ሕግ ነፍስን ለማዳን በአፍ መካድ ይፈቀዳል። «አገር ቤት ያሉ ልጆቻችሁ የገዢውን ፓርቲ የአባልነት ወረቀት ፈርሙ ከተባሉ ይፈርሙ፤ አላህ የሚያየው ልብን ነው» ይሏቸው ነበር። በዚህ ቃል ስንት እናት እፎይ ብላለች።

አንድ ጊዜ ሄግ ላይ በመንግሥታቸው ላይ ሰልፍ ወጡ። ሌላው ፊቱን ሸፍኗል፤ እሳቸው ጥምጥማቸውን አድርገው ፊት ለፊት ቆሙ። ማን እንዳነሣቸው ባይታወቅም ፎቷቸው ባግዳድ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ጀዋድ ታሰረ።

በዚያው ዓመት የሚስታቸው ወንድም ከባግዳድ መጣ። እኔም ከወገኖቻቸው ጋር እሳቸው ቤት ተቀምጬ ነበር። ሰውየው በቅጡ አረፍ እንኳ ሳይል ተናገረ።

«ጀዋድን በቴሌቪዥን ቀርበህ ‹አባቴ ከሃዲ ነው› በል፣ እንለቅሃለን ብለውታል። እሱ ደግሞ አባቴ ካልፈቀደልኝ አልልም አለ። ነገ እመለሳለሁ። አንድ ቃል ይስጡኝ።»

ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፤ ሁሉም አፍ አፋቸውን ያያል። ሼህ ሙህሲን ጺማቸውን ይዘው፣ «የእኔ ልጅ አባቱን አይክድም በለው» አሉ።

ሰዎቹ በኩራት ተነቃነቁ። እኔ ደሜ ፈላ። ለሰው ልጅ ሁሉ የፈቀዱትን ለገዛ ልጃቸው ይንፈጉት? ግን በሰው ቤት ምን አገባኝ ብዬ ዋጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ልባቸው አላስቀምጥ ብሏቸው ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሮጡ። አውሮፕላኑ ተነሥቷል። በሌላ መንገደኛ ፈቃዳቸውን ላኩ፤ እስኪደርስ ድረስ ጀዋድን ገድለውታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ወዲያ ሮተርዳም መሄድ ተዉ። ሊያስተዛዝን የመጣ ሰው «ጀግና ነው የወለዱት» ሲላቸው ተነሥተው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

የእኔ ባለቤት እናትነሽ በበኩሏ አዲስ አበባ ያለውን ወንድሟን ማንደፍሮን ኢሠፓ ገባ ብላ አኩርፋው፣ ዓመት ሙሉ ደውላለት አታውቅም። አንድ እሑድ ሼሁ እኛ ቤት ሻይ ሲጠጡ የእሱ ነገር ተነሣ።

«ከሞቱ አሟሟቱ! ፈርሞ ከሚኖር...» አለች እናትነሽ። ተረጎምኩላቸው።

ሼህ ሙህሲን ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ወንድሟ በሕይወት አለ?»

«አለ» አልኳቸው።

«ትደውልለት። ዛሬውኑ። ፈቅጄልሃለሁ ትበለው።»

ቃላቸውን ስነግራት እናትነሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ፊታቸውን ስታይ ተወችው። የጀዋድን ነገር ታውቃለች። ተነሥታ ደወለች። ከብዙ ሙከራ በኋላ የማንደፍሮ ድምፅ «ሃሎ» ሲል ግን ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ፊቷን አዞረች። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ። እሷም ስልኩን ሰጠቻቸው።

«እኔን አባትህን ካድ፣ ልጄ» አሉ በዐረብኛ። «ያሉህን ሁሉ በል። ፈቅጄልሃለሁ።» ደግመው አሉት። ድምፃቸው እየተሰበረ እንደገና አሉት።

ስልኩን ቀስ ብዬ ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«ማነው? ማነው የሚያለቅሰው?» ይላል ማንደፍሮ።

«አባት ናቸው» አልኩት።