ለአፍደሟ ሴት የተላከ ቅቤ

ባለቤቴ የሞተው ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በሚሄድበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አንድም ገጽ አልጻፍኩም። ልቦለድ ጸሐፊ ነኝ፤ ጅግጅጋ ተቀምጬ ሁለት መጻሕፍት አሳትሜያለሁ። ሦስተኛው ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ቆመ። ሐሳብ አጥቼ አልነበረም፤ አንባቢዬን፣ ባለቤቴን፣ አጥቼ ነው። ጠዋት የጻፍኳቸውን ገጾች አጥፎ ኪሱ ይከትና ወደ ጨርቅ ሱቁ ይሄድ ነበር፤ ማታ ጠርዛቸው ላይ በእርሳስ ትንንሽ ነጥቦች አድርጎ ይመልስልኝ ነበር። ነጥብ ማለት «እዚህ ጋ ቆምኩ» ማለት ነው። ለምን እንደቆመ አይነግረኝም ነበር፤ ያንን የማስበው እኔ ነበርኩ።

መጽሐፉ አፍደም ስለምትኖር አንዲት ሴት ነበር። ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለተሳፋሪ ሻይ ትሸጥ ነበር፤ ባቡሩ ከቀረ በኋላም አልተነሳችም፤ በየጠዋቱ የጣቢያውን ደጅ ትጠርጋለች። ለምን አትሄድም? እሱን ነበር መመለስ ያቃተኝ። እኔ ራሴ አፍደምን ያየሁት አንዴ በመኪና ሳልፍ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ከሀርሺን የግመል ወተት እያመጣች የምትሸጥልን ሴት ቤቴ መጣች። ወተቷን ጨርሳ የመመለሻ መኪናዋ እስኪሞላ ድረስ ባለቤቴ ሱቅ በር ላይ ማረፍ ልማዷ ነበር። ለቅሶም ደርሳኛለች። በእጇ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ቆርቆሮ ይዛለች፤ ንጥር ቅቤ ነው።

«ዋላል፣» አለችኝ፤ እህቴ እንደማለት ነው። «ያንቺ አይደለም፣ እንዳትከፍቺው። ለአፍደሟ ሴት ነው። የሀርሺን ሴቶች ልከውላት ነው።»

«የቷ የአፍደም ሴት?»

«ባቡር የሌለበት ጣቢያ የምትጠርገዋ ናታ! ባልሽ ከሞተ ወዲህ ወሬዋ ጠፋብኝ። ሀርሺን ስገባ ይጠይቁኛል፤ ሄደች ወይ? ታመመች ወይ? ምን ልበላቸው?»

ቆርቆሮውን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እዚህ አገር ከመንገድ የመጣ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ «ዋረን» ይባላል፤ የሰማኸውን ንገረን ማለት ነው። የተጠየቀውም ነገሩን ከማን እንደሰማ አስቀድሞ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ዝናብ የት እንደጣለ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ግመል ወደ ሣር የሚነዳውም በዚህ ወሬ ነው። አንዴ ያጣመመ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም። ለካ ወተት ሻጯ ሱቁ በር ላይ አረፍ ባለች ቁጥር ባለቤቴን «ዋረን» ትለው ኖሯል። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲለካ የሚውል ሰው ምን ወሬ ይኖረዋል? ኪሱ ውስጥ ያለውን ነገራት። በሶማልኛ፣ «አፍደም ላይ አንዲት ሴት አለች» ብሎ ጀመረ። ልቦለድ ነው ማለቱን ረሳው፤ ወይም የምታውቅ መሰለው።

«ሴትዮዋ የለችም፣» አልኳት። «እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ተረት ናት።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ወተትና ወሬ ስሸከም ዋሸሽ ያለኝ የለም። ከእንግዲህ ዝናብ ዘነበ ብላቸው ማን ያምነኛል?» አለች። ቀጥላም፣ «ባልሽ ደግሞ ፊቱን እንደ ቃዲ ኮስተር አድርጎ ነው የነገረኝ!»

ሳላስበው ሳቅኩ። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። እሷም እንደተቆጣች ሳቀች።

ምን ምን እንደነገራት ጠየቅኳት። ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ምዕራፎቼን በተራ ነገረችኝ። እኔ የሰረዝኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሳይቀሩ ነበሩ። ያልታተመ መጽሐፌ ከወተት ጀሪካን ጋር መኪና ላይ ተጭኖ ሲጓዝ፣ ፊደሌን የማያውቁ ሰዎች ስለ አፍደሟ ሴት ሲጨነቁ ከርመዋል። አንድ ነገር ግን እኔ ያልጻፍኩት ነበር። «ስትጠርግ ብቻዋን ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣» አለች። ስጽፍ ከንፈሬን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ያሾፍብኝ ነበር።

ጥፋቱ ከእኔ ቤት ስለወጣ አብሬያት ሀርሺን ሄድኩ። ከመኪና ስንወርድ ሴቶቹ «ዋረን» ያሉት እሷን ሳይሆን ሾፌሩን ነው። የአፍደሟ ሴት የለችም የሚለው ወሬ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ወተት ሻጯ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ቆማ ቀረች። ያን ያህል ሲያፍር ያየሁት ሰው የለም።

ቅቤውን ከሴቶቹ አሰባስበው የላኩት አሮጊት ጋ ገብተን በደካማው ሶማልኛዬ አስረዳሁ። እሳቸውም ሰምተው ሲጨርሱ፣

«አፍደም ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት የለችም?» አሉኝ።

«ትኖራለች፣ ኤዶ፣» አልኳቸው፤ አክስቴ እንደማለት ነው። «እኔ ግን አላውቃትም።»

«አንቺ ስላላወቅሻት ነው የለችም ያልሽው?» አሉና ወደ ወተት ሻጯ ዞሩ። «ስጦታ አንዴ ከእጅ ከወጣ አይመለስም። ሂዱና ስጡ። ከዚያ አንቺ ያየሽውን ታመጪልናለሽ። ያን ጊዜ ውሸታም መሆን አለመሆንሽን እናውቃለን።»

በድሬዳዋ፣ ከዚያም በኤረር በኩል ሁለት ቀን ተጉዘን አፍደም ደረስን። የጣቢያው ደጅ አልተጠረገም፤ ዶሮዎች ይጭሩበታል። በሕንጻው ጥላ ሥር ግን አንዲት ሴት ሻይ ታፈላለች። ከእኔዋ ሴት በጣም ወጣት ናት። ቆርቆሮውን ሰጠናት።

«ከማን ነው?»

«ከሀርሺን ሴቶች።»

«ሀርሺን የማውቀው የለኝ! ስለ እኔ ምን ሰምተው?»

እኔና ወተት ሻጯ ተያየን። አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀመርኩ። በአፌ ታሪክ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«ከንፈሯን ዘለልሽው፣» አለችኝ ወተት ሻጯ መሐል ላይ። ተመልሼ ከንፈሯን ጨመርኩ።

የቆምኩበት ስደርስ ሻይ ሻጯ «ከዚያስ?» አለች። ለምን እንደማትሄድ እንደማላውቅ ነገርኳት። ትክ ብላ አይታኝ፣

«ይሄ ምን የማይታወቅ ነገር አለው? እዚህ ከተማ ሙሉ ቀን ጥላ ያለው ይሄ ቤት ብቻ ነው፣» አለችኝ።

እኔ ያቺን ሴት ናፍቆት ሰጥቻት፣ ትዝታ ሰጥቻት፣ ተስፋ ሰጥቻት ነበር። ፀሐዩን አላሰብኩትም። ባለቤቴ ቢኖር እዚያ ጋ ነጥብ ያደርግ እንደነበር ገባኝ። የመጨረሻው ምዕራፍ ያኔ፣ እዚያው ጥላ ሥር መጣልኝ። መጽሐፉ ዛሬ ታትሟል።

ሀርሺን ስንመለስ ግን የሚያስጨንቀኝ መጽሐፉ አልነበረም። ሴቶቹ ተሰብስበዋል። አሮጊቷ ሾፌሩን አልፈው፣ እኔንም አልፈው፣ እሷን ተመለከቱና «ዋረን» አሏት።

ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጥላውን፣ ዶሮዎቹን፣ ደጁ አለመጠረጉን፣ ቅቤውን ማን እንደተቀበለው፣ ሁሉንም ተናገረች። አልጨመረችም፤ አልቀነሰችም። ከሁሉም በፊት ግን እንደ ደንቡ ወሬው ከማን እንደተነሳ ተናግራ ነበር፤

«ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ጅግጅጋ ካለው ጨርቅ ሻጭ ነው። እሱ ሞቷል። ሚስቱ ይቻትና።»