ከቤቱ የሚወጣው ማን ነው

ዩስኒማር በማኒንጃው ሐይቅ ዳር ካሳቫ በስሱ እየከተፉ፣ እየጠበሱና በበርበሬ እየለወሱ በመሸጥ ነው የኖሩት። አሁን ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። የመንደሩ ወጣቶች «ኤቴክ» ይሏቸዋል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ባሏ የሚመታት ሴት ካሳቫ ገዢ መስላ ትመጣለች። እሳቸውም ቢላዋና የሚላጥ ካሳቫ ሰጥተው አጠገባቸው ያስቀምጧታል። እጇ ሥራ ሲይዝ መናገሩ ይቀላታል።

ከሦስት ዓመት በፊት ከተማ ወርደው፣ እንዲህ ያለችውን ሴት እንዴት መደገፍ እንደሚገባ ለአምስት ቀን ሠለጠኑ። የተሰጣቸውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። መጽሐፉ ሴቲቱ ድንገት ከቤት ብትወጣ የምትይዘው ቦርሳ ይዘጋጅ ይላል። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ሮስኒዳ ከንፈሯ አብጦ በመጣች ጊዜ ቦርሳ አዘጋጁላት።

አራት ወር አለፈ። ባሏ ሻፍሩዲን ሁለት ጊዜ ደግሞ መታት። ሮስኒዳ ግን አልወጣችም።

«ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት አንድ ጠዋት። «ቦርሳሽን አይጥ ሊበላው ነው።»

«ወዴት ልሂድ፣ ኤቴክ?»

«ከተማ መጠለያ አለ። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ።»

ሮስኒዳ የምትልጠውን አስቀመጠች። «ቤቱ የእናቴ ነው፤ ከእሷ በፊት የአያቴ ነበር። እኔ ወጥቼ እሱ እዚያ እግሩን ዘርግቶ ሊተኛ?»

የዩስኒማር ቢላዋ ቆመ። በዚያ አገር ቤት ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይወርዳል፤ ባል ነው ልብሱን ይዞ ሚስቱ ቤት የሚገባው። የራሳቸው ባልም አንዲት ሻንጣ ይዞ ነበር የመጣው። ይህን እያወቁ አራት ወር ሙሉ የተሳሳተ ሰው ልብስ አጥፈው አስቀምጠዋል።

«ምን ዓይነት ጅል ነኝ» አሉ። «መጽሐፍ ሳነብ አገሬን ረሳሁ።»

ሮስኒዳ ሳቀች፤ ጎኗን ስላመማት በእጇ ያዘችው።

የሮስኒዳ እናት ሞታለች። ባልን ከቤት የማሰናበት ወግ የእናቷ ወንድም የባስሪል ነው። ዩስኒማር እቤቱ ሄዱ፤ ዶሮ ሲመግብ አገኙት።

«በእህትህ ቤት እንግዳ የእህትህን ልጅ ይመታል፤ አንተ ጥሬ ትበትናለህ።»

«ትዳር ነው፣ ኤቴክ። ትንሽ ትታገስ ብዬ ነው።»

«እህትህ ብትኖር ይህን ፊቷ ላይ ትላት ነበር?»

ባስሪል የቀረውን ጥሬ መሬት ላይ አፈሰሰው። ዶሮዎቹ እግሩን ከበቡት። ከዚያ ገብቶ ለክብር ቀን የሚያደርገውን ጥቁር ቆብ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ሻፍሩዲን ሐይቁ ላይ በመረብ የሚያረባውን ዓሣ ሊመግብ ሲሄድ፣ ልብሱን በሙሉ ምላጩ እንኳ ሳይቀር ሸከፉት። ሮስኒዳ፣ ዩስኒማር፣ ሁለት ጎረቤቶችና ባስሪል በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው፣ ወደ ሻፍሩዲን እናት ወደ ኑርባይቲ ቤት ተጓዙ። ኑርባይቲ አልቀበልም ካለች ሰውየው ማታውኑ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል። የፖሊስ ስልክ ቁጥር በዩስኒማር ኪስ ነበር።

ኑርባይቲ በሩ ላይ ቆማ ጓዙን አየች፤ የባስሪልን ቆብ አየች፤ በመጨረሻም የሮስኒዳን ፊት አየች።

«የእህቴን ልጅ መትቷልና ከእንግዲህ ቤታችን አይገባም» አለ ባስሪል።

ኑርባይቲ ከላይ ያለውን ሸሚዝ ዳሰሰች። «ማን ተኮሰው?»

«እኔ» አለች ሮስኒዳ።

«ከእንግዲህ ራሱ ይተኩሳል» ብላ ጓዙን ተቀበለች።

አመሻሽ ላይ ሻፍሩዲን መጣ። ባስሪልና ሴቶቹ የሮስኒዳ ቤት ደረጃ ላይ ተደርድረው ካሳቫ ይልጣሉ።

«ልብስህ እናትህ ጋ ነው» አሉት ዩስኒማር።

«ማን ጠየቀሽ፣ አሮጊት?»

«ማንም። እንዳትለፋ ብዬ ነው።»

አንድ ሰው ከጎኑ ይቆም እንደሆነ ዙሪያውን ተመለከተ። ማንም አልተነሳም። ተመልሶ ሄደ። እነሱ ግን ለአንድ ወር ደረጃውን በየተራ ጠበቁት።

ሮስኒዳ የስፌት መኪናዋን፣ ሻፍሩዲን ቴሌቪዥኑን አቁሞበት ወደነበረው፣ ሐይቁ ወደሚታይበት መስኮት ሥር አዛወረች። በአዲሱ ቦታ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ዩስኒማር ናቸው፤ አረንጓዴ ቀሚስ አዘዙ።

«ወገቡን አታጥብቂው» አሏት። «እዚህ ቤት ሳልበላ አልወጣም።»