የእናቴ ጭንጫ

ባለፈው ሳምንት ወልዲያ ያለውን የቤቴን ግቢ የሚያስተካክልልኝ ሰውዬ ድንጋዩን ለቃቅሞ በጋሪ ሊያወጣው ሲል ደረስኩና «ተው፣ እዚያው መልሰው» አልኩት። ያበድኩ መሰለው። እኔ ደግሞ ሰው እንደዚያ ሲያየኝ ደስ ይለኛል። ልጅ ሆኜ፣ ከመርሳ ከፍ ብላ ባለችው መንደራችን ሰዉ ሁሉ እናቴን በዚያው ዐይን አይቷታልና።

እናቴን ሰው እት ዘሀራ ነው የሚላት። ከአባቴ ተፋትታ፣ እኔን ይዛ ወደ ተወለደችበት መንደር ስትመለስ የኔ የምትለው መሬት አልነበራትም። የምንኖረው በወንድሟ ጓሮ፣ በአንዲት ጎጆ ውስጥ ነበር። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ያው የሰው ግቢ ነው። እናቴ ስትስቅ እንኳ ድምጿን ቀንሳ ነበር።

በዚያ ክረምት ቀበሌው ፍየል የጨረሰውን ተራራ መሬት ለሌላቸው አከፋፈለ። ውሉ ግልጽ ነበር። የተሰጣችሁን የቁርቁራ ችግኝ ትተክላላችሁ፤ በመጪው ሰኔ ሽማግሌዎች ወጥተው ያያሉ፤ ችግኙ የጸደቀለት መሬቱ የራሱ ይሆናል፣ የደረቀበት ይመልሳል። ዕጣው ሲወጣ ለጎረቤታችን ለአያ ካሳ ከግርጌ ያለው ሰው ሁሉ የሚመኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ደረሰው። ለእናቴ ደግሞ ከሱ በላይ ያለው ጭንጫ፣ ከክትክታና ከእሬት በቀር ምንም የማይበቅልበት ድንጋይ በድንጋይ የሆነ ቦታ። አያ ካሳ ቀልደኛ ነው። «እት ዘሀራ፣ ቤት የሠራሁ ቀን ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ ካንቺ ነው የምወስደው» አላት። ሰው ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች። ማታ ግን ራቷን ሳትበላ ተኛች።

እኛ አገር ጎበዝ ገበሬ የሚባለው ማሳውን ከድንጋይ ያጸዳ ነው። እናቴም ጎበዝ መባል አማራት። በሐምሌ ችግኙን ተከልን፤ መስከረም ሲጠባ ድንጋይ ለቀማ ጀመርን። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሬን ወርውሬ ወደ ተራራው እሮጣለሁ። እሷ ትልልቁን በትከሻዋ፣ እኔ ትንንሹን በቀሚሴ ታቅፌ ዳር ላይ እንቆልላለን። የክትክታው ቅጠል እጃችን ላይ እየተጣበቀ ሽታው ታጥበንም አይለቅም። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ወገቤን ያመኛል። የላይኛውን ግማሽ ጠጠር እንኳ ሳናስቀር አጸዳነው። ከዚያ የማሽላ አጨዳ ደረሰና እናቴ ለቀን ሥራ ስትሄድ የታችኛው ግማሽ እንደነበረ ቀረ።

ጥር ላይ ጉድ መጣ። የለፋንበት፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያደነቀው የላይኛው ችግኝ ጠወለገ። ድንጋይ ውስጥ ጥለነው የሄድነው የታችኛው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቆሟል። እናቴ ዐይን ነው አለች። አያ ካሳ በዚያ ሰሞን «መሬትሽ አማረበት» ብሏት ስለነበር ጥርጣሬዋ በማን ላይ እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

ነገሩን የፈታው የኔ ጨዋታ ነው፤ ይህን ስናገር ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ። ያኔ ሴት ልጅ ሆኖ ቅልሞሽ የማይጫወት አልነበረም፣ እኔም ድቡልቡል ጠጠር ፍለጋ የታችኛውን ድንጋይ እየገለበጥኩ ነበር። በአንዱ ስር እጄን ስሰድ አፈሩ ቀዘቀዘኝ። ጭብጥ አድርጌ ሳወጣው እርጥብ ነው። ዝናብ ካየን ስንት ጊዜያችን! ወስጄ ለእናቴ ሰጠኋት። አሸተተችው፣ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ከዚያ ወዳጸዳነው ወጣችና ችግኝ ስር በእጇ ጫረች፤ እስከ ክንዷ ብታስገባም አቧራ ነው። አቧራውን ከእጇ አራገፈች። ስትነሳ «ነይ፣ ድንጋዩን እንመልሰዋለን» ብቻ ነው ያለችው።

መለስነው። በየችግኙ ዙሪያ፣ ፀሐይ አፈሩን እንዳታየው አድርገን ደረደርነው። ወደ መርሳ ገበያ የሚወርደው ሰው አህያውን አቁሞ ሳቀብን። ያወጣችውን ድንጋይ መልሳ የምትሸከም ሴት ታይታ አትታወቅማ። አያ ካሳማ ከማሳው ሆኖ «እት ዘሀራ፣ ናፈቀሽ እንዴ?» አላት። እሷ ቀጣዩን ድንጋይ አነሳች። ማታ ጎጆዋ ውስጥ ግን «ሰኔ ይምጣ» አለችኝ፣ ድምጿን ሳትቀንስ።

መጋቢት ላይ አንድ ጊዜ ዘነበ፣ ያውም ለአንድ ከሰዓት። የእኛ ውሃ በድንጋዩ መካከል ገብቶ ጠፋ። የአያ ካሳ ዋልካ ግን ውሃውን አናቱ ላይ ይዞ እንደ ኩሬ አብለጨለጨው፣ ሰው ሁሉ ቀናበት። ፀሐይዋ ሁለት ቀን አልፈጀባትም፤ ጠጥታ ጨረሰችው። ዋልካው ሲደርቅ እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጠቀና የችግኙን ሥር በጠሰው። ዝናብ በማይጠግብ አገር ውሃ የሚጠቅመው ፀሐይ የማትደርስበት ጥልቀት ሲገባ ነው፤ ጭንጫው መንገዱን ይከፍትለታል፣ ድንጋዩም ይከድነዋል። ይህን ዛሬ አሳምሬ እናገረዋለሁ፤ ያኔ የማውቀው እጄ እንደቀዘቀዘ ብቻ ነው።

ሰኔ መጣ። የመንደራችን ትልቅ ሰው ሼህ እንድሪስ ሌሎቹን ሽማግሌዎች አስከትለው ወጡ። መጀመሪያ ዋልካውን አዩ፤ አያ ካሳ ከደረቀ እንጨት መሃል ቆሞ ማጅራቱን ያካል። ወደኛ ሲደርሱ ሼሁ ቆሙ። ቁርቁራው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው፤ የጠወለገው ሳይቀር አዲስ ቅጠል አውጥቷል። በከዘራቸው አንድ ድንጋይ ገለበጡ፣ አጎንብሰው ከስሩ ዳሰሱ፣ ጣታቸውን ለሽማግሌዎቹ አሳዩ። «አልሐምዱሊላህ። መሬቱ የዘሀራ ነው» አሉ። እናቴ ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ ከታች መንደር ድረስ ተሰማ። እንዲያ እንደምትስቅ አላውቅም ነበር።

ለአያ ካሳ አንድ ዓመት ጨመሩለት። በማግስቱ አህያውን እየነዳ መጣ። ከዳር የተረፈውን ቁልል እያየ ቆይቶ ድንጋይ እንድትሰጠው ጠየቃት። እናቴ አልቸኮለችም። «ለመሠረት ነው?» አለችው። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ራሷ ተነስታ አህያውን ጫነችለት።

ያኔ በሰው ጓሮ ድምጿን ቀንሳ ትስቅ የነበረችው ሴት ዛሬ የራሷ ቤት አላት፣ የቁርቁራዋን ፍሬም የመርሳ ገበያ ሰው ለይቶ ያውቀዋል። ያኔ እሷ ትሸከም ነበር፣ አሁን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏል፤ ስለዚህ በሄድኩ ቁጥር ከዛፉ ስር ተቀምጣ በከዘራዋ አንዱን ድንጋይ እያሳየች «እጅሽን ስደጂ» ትለኛለች። እሰዳለሁ። አፈሩ ያው ቀዝቃዛ ነው። «እርጥብ ነው» እላታለሁ።

«ጮክ በይ እንጂ» ትለኛለች አያ ካሳ ወዳለበት እያየች፤ «እሱ ደግሞ ጆሮው ደክሟል።»