መስመሩ ሲቀጥን

ዛሬ የቢሯችንን ኔትወርክ ያዳኑት ገበሬው አጎቴ ናቸው።

የተማሪዎች ውጤት እስከ ስድስት ሰዓት መግባት ነበረበት። ጠዋት ዋናው መስመር ተቋረጠና በቀጭኑ መጠባበቂያ ቀረን።

መምህራኑ «ላክ» የሚለውን ደጋግመው ይጫናሉ። አንዱ ፋይል አምስት ጊዜ ይሰለፋል፤ የሚደርስ ግን የለም።

(የኔትወርክ ባለሙያው እኔ ደግሞ ራውተሩን አጠፋለሁ፣ አበራለሁ። ሁለት ዲግሪ አለኝ።)

አጎቴ አያ ደሴ ከገጠር፣ ከትክል ድንጋይ ሊጠይቁኝ መጥተው ጥግ ተቀምጠዋል። በአገራቸው የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት ናቸው። ግርግሩን ሲያዩ ቆዩና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ምነው ታዲያ ውሃው ሲቀጥን ሁሉም ቦዩን ባንዴ ከፈተ? እንዲህማ ለማንም አይደርስም። በተራ አድርገው እንጂ።»

ለየትምህርት ክፍሉ ተራ አወጣሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ገብቶ አለቀ።

አያ ደሴ ደስ ብሏቸው ለቤት ሊያወሩ ስልክ አወጡ። መስመሩ ተጨናንቋል ይላል። ደወሉ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። ሰባተኛው ላይ «አያ፣ በተራ» አልኳቸው።

«እኔማ የውሃ አባት ነኝ» አሉና ስምንተኛውን ደወሉ።

እናንተስ መስመር ሲቀጥን ስንት ጊዜ ትጫናላችሁ? እውነቱን ጻፉልኝ፤ ግን አንዴ ብቻ ላኩት።