ዋጋ በስንዝር

የካርታ ሳዪዋ አባት የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበሩ። ከእሳቸው የወረሰችው ሁለት ነገር ነው፤ የማይንቀጠቀጥ እጅና የማይረባ ደንብ። ደንቡ «ሥዕል በስንዝር ይሸጣል» የሚል ነበር። ለሰሌዳ ይሠራል፤ ፊደሉ ሲተልቅ ቀለሙ ይበዛል፣ ዋጋውም አብሮ ያድጋል። ካርታ ሳዪዋ ግን ይህንኑ ደንብ ሳትመረምር ለካርታ አዋለችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሷ ዘንድ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ዓመታት ኖሩ።

ካርታ ወረቀቱ ስላነሰ አይቀልም። ያው ድልድይ፣ ያው ሰፈር፣ ያው ጠማማ መንገድ ነው፤ የሚያንሰው ብሩሹ ብቻ ነው፣ የሚያልቀው ደግሞ ዓይን። ደንበኞቿ ይህ ነገር ከእሷ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ለሠርግ ጥሪም ሆነ ለቢሮ ግድግዳ የመጣው ሁሉ «ከተማው በሙሉ ይግባልኝ፣ ወረቀቱ ግን ትንሽ ይሁን» ይላል። ከዚያ ያችን የተባረከች ቃል ይጨምርባታል፦ «ትንሽ ነገር ናት እኮ!» በትንሽ ነገር የሴትዮዋ መነጽር የጠርሙስ ቂጥ አከለ።

የሁሉም አውራ የእህቷ ባል ነው። ሆቴል አለው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ስለ ቤተሰብ ፍቅር ሲናገር እጁ ኪሱን የሚጠብቅ ሰው ነው። አምና የሆቴሉን ሰፈር በፖስትካርድ መጠን አሠራት። «ጠረጴዛዬ ላይ የማስቀምጣት ማስታወሻ ናት» ብሎ፣ የስንዝሩንም ዋጋ «ለዘመድ» ብሎ በግማሽ አስቆርጦ። እያንዳንዱን ሱቅ፣ እያንዳንዱን ዛፍ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣውን አንሶላ ሳይቀር አስገባችለት።

አንድ ቀን እህቷን ልትጠይቅ ሆቴሉ ጎራ አለች። አስተናጋጁ ሻይ አቀረበላት። ኩባያው ላይ የእሷ ካርታ አለ። ትሪውም ላይ አለ፤ ፎጣውም ላይ አለ። በመግቢያው ግድግዳ ላይማ ከወለል እስከ ጣሪያ ተነፍቶ ቆሟል። ጥግ ላይ የነበረው ስሟ ተቆርጦ የሆቴሉ ስልክ ቁጥር ገብቶበታል።

«እንግዶች እንዴት እንደሚወዱት ብታዪ» አለቻት እህቷ ደስ ብሏት። «ኩባያውን እየገዙ ነው የሚሄዱት።»

ብዝበዛ ድሮ አለንጋ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ ሻይ ይዞ ይመጣል፣ ስኳር ስንት ላድርግልሽ ብሎም ይጠይቃል። ሻይዋን እስከ አተላው ጠጣችው። ኩባያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ደሟ እንደፈላ ነበር። የአባቷን መለኪያ ዘንግ ከግድግዳው አውርዳ የመስኮት መደገፊያ አደረገችው።

ብዙም ሳይቆይ ባለሆቴሉ ክፍሏ ድረስ መጣ።

«አሁን ደግሞ ከተማውን በሙሉ ነው የምፈልገው፣ እቱ። እንደዚያችው ትንሽ። ሁለት ስንዝር አትሞላም።»

«ስንዝር ቀርቷል፣ ጋሼ። አሁን ሕንጻ በሕንጻ፣ መንገድ በመንገድ ነው። ኩባያ ላይ ከታተመ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል።»

«ኩባያውን እኮ በገንዘቤ ነው የገዛሁት።»

«ኩባያውን ገዝተኸዋል። ላዩ ላይ ያለውን አልገዛኸውም።»

ዝርዝሩን ጽፋ ሰጠችው። ወረቀቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«ከተማውን ሳዪልኝ አልኩ እንጂ ሽጪልኝ አላልኩም።»

«በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ እኔም እገዛዋለሁ።»

«ቤተሰብ እኮ ነን!»

«ስሜን ስትቆርጠው ነበር እሱን ማስታወስ።»

እስክሪብቶ አወጣና ዋጋ ለማውረድ መሰረዝ ጀመረ። በመጀመሪያ የሌሎቹን ሆቴሎች ሰረዘ። ሆስፒታሉን «እንግዳዬ ሊታመም አይመጣም» ብሎ አነሳው። ትምህርት ቤቱ ሄደ፣ ገበያው ሄደ፣ ወንዙ «ይሸታል» ተብሎ ደረቀ። የድሆቹን ሰፈርማ ምክንያት እንኳ ሳይሰጠው አለፈበት። ከንቲባ እንኳ ሰፈር ሲያፈርስ ለይስሙላ ማስታወቂያ ይለጥፋል። በመጨረሻ ዋጋው ከሁሉ የከበደውን፣ መታጠፊያው የበዛውን ዋናውን መንገድ አገኘ። እሱንም ሰረዘው። ዋጋው የአምናው ጋ ደረሰ።

«አየሽ፣ ሰው ሲነጋገር ይግባባል» አለና ዝርዝሩ ላይ ፈረመ።

ሥራው ላይ ስትቀመጥ አንድ ነገር ብቻ አስፈራት፤ የገዛ እጇ። ለዓመታት በነጻ ሲጨምር የኖረ እጅ ነው፤ ሆቴሉን ጨርሶ ወደ መንገዱ ሲንሸራተት ያዘችው። ቀጭን መስመር ናት፣ ምን አለበት፣ ዘመድ ነው አለ እጇ። አሁን አንዷን መስመር ብትሰጥ ስንዝሩ ተመልሶ እንደሚመጣ አወቀች። ጥርሷን ነክሳ ብሩሹን አስቀመጠች።

ባልና ሚስቱ ሊረከቡ አብረው መጡ። በወረቀቱ መሐል ሆቴሉ ቆሟል፤ መስኮቱ፣ መጋረጃው፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር። ዙሪያው ነጭ ነው።

«ሌላው የት አለ?» አለ።

«ሰረዝከው። ይኸው ፊርማህ።»

እህቷ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። «እንግዳው በምንድነው የሚመጣው? በጃንጥላ ነው የሚወርድልን?» ሳቋን ልትይዘው ሞከረችና አቃታት።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ።» የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለ ሰው ድምፅ ነበር። «መንገዱ ስንት ነበር?»

«ያው ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ነው። ኩባያ ላይ ከወጣም የኩባያው አለ። ስሜ ሳይቆረጥ።»

«ትንሽ እንኳ አትቀንሺም?»

«እቀንሳለሁ እንጂ። ወደ በርህ የሚያስገባውን መታጠፊያ ላውጣው?»

ቦርሳውን ጥርሱን እንደሚያስነቅል ሰው አወጣው። መጀመሪያ የመንገዱን ከፈለ፣ ከዚያ እህቷ በክርኗ ጎሰም ስታደርገው የገበያውን፣ የኩባያውንም። ካርታ ሳዪዋ ተቀበለች፤ ንዴቷ ግን ከሆዷ አልወጣም። በትናንሽ ወረቀቶች ላይ ያለቀውን ዓይኗን የሚመልስ ደንበኛ የለም።

ሊወጣ ሲል ጠረጴዛው ላይ የብሩሽ ማጠቢያ የሆነውን ኩባያ አየ።

«ይሄ የሆቴሌ ኩባያ አይደለም እንዴ?»

«ተወው፣ ጋሼ» አለች ብሩሿን እያጠበች። «ትንሽ ነገር ናት እኮ።»